ከኮሌታ ወደ ላይ

አባቷ በከሰል የሳለውን ዓይን በጨርቅ ጠርጎ አጠፋው። ያንኑ አንድ ዓይን ከጠዋት ጀምሮ ሲስልና ሲያጠፋ ወረቀቱ እዚያ ቦታ ላይ የምድጃ ግድግዳ መስሏል። ከፊት ለፊቱ፣ በመስኮቱ ብርሃን ውስጥ፣ አዋላጇ ነጭ ጋውናቸውን እስከ አንገታቸው ቆልፈው ተቀምጠዋል። ጡረታ የሚወጡበት ሳምንት ነው። ባልደረቦቻቸው ምስላቸው በማዋለጃ ክፍሉ መግቢያ ላይ እንዲሰቀል ፈልገዋል፤ እሳቸው ደግሞ ነገ ጠቅልለው ልጃቸው ወዳለበት ከተማ ይሄዳሉ። ሊቀመጡለት የሚችሉት ዛሬ ብቻ ነበር።

ልጅቱ ጥግ ላይ ቆማ የአባቷን እጅ ታያለች። የሰፈሩ ሰው «ሰፊዋ» ይላታል፤ መርፌ ይዛ ግን አታውቅም። በዚህ ቤት ፊት የአባት ነው፣ ልብስ የልጅ። እሱ ፊቱን ጨርሶ ብቻውን ወረቀቱ ላይ ተንጠልጥሎ ይተወዋል፤ እሷ ከአገጭ በታች ኮሌታውን፣ ክራቫቱን፣ ቁልፉን፣ የኮቱን እጥፋት ትጨርሳለች። ስንቱን ሹምና ስንቱን ሙሽራ አልብሳ ሸኝታለች። ፊት ግን አልተሰጣትም።

«ፊት ከዓይን ይጀመራል» ይላል አባቷ። «ሌላው የዓይን አሽከር ነው።» በዚህም ስሙ ወጥቷል። ግድግዳ የሚጋራቸው ፀጉር አስተካካይ «ዓይን አውጣው» እያለ ይጠራዋል፤ አባቷም ስድቡን ትቶ ሙገሳውን ብቻ ይሰማለታል።

ካለፈው ክረምት ወዲህ ግን እጁ ይንቀጠቀጣል። እሱም ያውቃል፣ እሷም ታውቃለች፤ አንድም ቀን አንስተውት አያውቁም። አንድ ፊት፣ አንድ ብቻ፣ ከአገጭ እስከ ፀጉር የራሷ የሆነ ፊት ስትመኝ ኖራለች። ዛሬ ግን የምኞቷ በር በአባቷ እጅ ድካም ሊከፈት ነው። ይህ ሥዕል ዛሬ ካልተሳካ የቤታቸው ስም በዚያ በጠቆረ ቦታ ላይ ያበቃል። ከተሳካ ደግሞ ያሳካው እሱ አይሆንም።

«እጅዎ ደክሟል» አሉ አዋላጇ ሳይንቀሳቀሱ። «የእኔም ደክሞ ነው የምሰናበተው። ልጅዎ ትሳለኝ።»

«እሷ የምታውቀው ልብስ ነው፣ ሲስተር።»

«ልብስም ለብሻለሁ።»

አባቷ ከሰሉን በእጇ አልሰጣትም፤ የወረቀቱ ማቆሚያ ጠርዝ ላይ አስቀመጠውና ወደ ኋላ ሄዶ በርጩማው ላይ ተቀመጠ። «ከዓይን ጀምሪ» አለ።

አዲስ ወረቀት ወጥራ ከዓይን ጀመረች። እጇ ንቅንቅ አላለም። ጥርት ያለ፣ ያማረ ዓይን ወጣላት፤ የአባቷ ዓይን ነበር። ለሹሙም፣ ለሙሽራይቱም፣ ለሟቹም ሲያድለው የኖረው ያው ዓይን። አዋላጇን አየች፣ ዓይኑን አየች፤ ሁለቱ አይተዋወቁም። ጨርቁን አንስታ ጠረገችው። ከኋላዋ በርጩማው ሲጥጥ አለ።

«ምን ሆንሽ?»

«አባዬ፣ እኔ በዓይን በር ገብቼ አላውቅም። ከኮሌታቸው ልጀምር።»

«ከኮሌታ ፊት ይወጣል? አገር ይስቅብናል።»

አዋላጇ ፈገግ አሉ። «ስንቱን ተቀብያለሁ» አሉ። «ደንቡ በጭንቅላቱ መምጣት ነው። ግን በእግሩ የሚመጣም አለ። ይወጣል፤ ብቻ የሚቀበለው አይቸኩል።»

ከላይኛው ቁልፍ ጀመረች። ከመታጠብ ብዛት ጠርዙ ተሸርፏል። የኮሌታው ቀኝ ክንፍ ከግራው ይልቅ ተጨማድዷል፤ ጋውኑ የተተኮሰው ግን ዛሬ ጠዋት ነው። ሌላ ሠዓሊ ቢሆን አያየውም፣ ቢያየውም ያቃናዋል። እሷ ግን ልብስ የባለቤቱን ጠባይ እንደሚቀዳ ስታጠና ነው ያደገችው። የተጨማደደውን መስመር ይዛ ወደ ላይ ወጣች። አንገታቸው በቀኝ በኩል ወፈር ያለ ጅማት አለው፤ ጅማቱ መንጋጋቸው ሥር አደረሳት፣ መንጋጋው ከጆሯቸው። ያን ጊዜ ገባት። ሴትዮዋ ቀጥ ብለው የተቀመጡ መስሏቸው ነው እንጂ ጭንቅላታቸው ጥቂት ዘንበል ብሏል። ዕድሜያቸውን ሙሉ ጆሯቸውን ወደ እናቶች ሆድ አዘንብለው የኖሩ ናቸው።

ከዚያ በኋላ አልለፋችም። ጉንጩ መጣ፣ በስሱ የተገጠመው ከንፈር መጣ፣ ዓይኖቹ በመጨረሻ መጡ፤ የአባቷ ደንብ ከሚያዘው ዝቅ ብለው ተቀመጡ። ማንንም አያዩም። ትንፋሹን ይዞ የሚያዳምጥ ሰው ዓይን ናቸው።

አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ብላ ስታየው ኩራት ደረቷን ሞላው። በዚህ ቤት ግድግዳ ላይ እንዲህ ያለ ፊት ተሰቅሎ አያውቅም። ይህን ማንም አልነገራትም፤ ራሷ አወቀችው፣ በማወቋም አላፈረችም።

አባቷ መጥቶ አጠገቧ ቆመ።

«አያዩኝም» አለ።

«አያዩህም አባዬ። እያዳመጡ ነው።»

ከሰሉን አነሳ። ከልማድ ነው፤ በግራው ዓይን ውስጥ አንዲት ነጥብ ቢያክልበት ሴትዮዋ ዞር ብለው እንደሚያዩት ያውቃል። እጁ ወደ ወረቀቱ ሄደ። የእጁን አንጓ ያዘችው። በሕይወቷ አንድም ቀን ይህን እጅ ከሥራ ላይ ይዛው አታውቅም፤ እንዲህ መቅለሉን አልጠበቀችም።

«እንዳትነካው» አለችው። ልመና አልነበረበትም።

ሥዕሉን ትቶ እሷን አያት። ልጁን ለመጀመሪያ ጊዜ የሚያያት ያህል ብዙ ቆየ። ከዚያ ጣቶቹን ፈታና ከሰሉን መዳፏ ላይ ጣለው።

አዋላጇ ወገባቸውን ይዘው ተነሱና ከሥዕሉ ፊት ቆሙ። እጃቸው ሳያውቁት ወደ አንገታቸው ሄደ።

«የሕፃኑ የልብ ምት ሲጠፋብኝ» አሉ ቀስ ብለው፣ «እንዲህ ነው የምሆነው ማለት ነው። እኔ አይቼው አላውቅም። እናቶቹ ግን አይተውታል።»

ግንባሯን ስመው ሄዱ። አባቷም ሊሸኛቸው ተከትሏቸው ወጣ፤ ቶሎ አልተመለሰም። ብቻዋን ቀረች። እጁን መያዟ አሁን ከበዳት፤ አስቀይሜው ይሆን አለች፤ ቢሆንም እንደገና ቢያነሳው እንደገና እንደምትይዘው ታውቃለች።

በስሱ ግድግዳ በኩል የፀጉር አስተካካዩ መቀስ ድምፅ ቀጥ አለ።

«ልጄ ፊት ስላ ጨረሰች» አለ የአባቷ ድምፅ።

«ሰፊዋ?»

«ሁለተኛ ሰፊዋ እንዳትላት።»

ጎረቤትየው ሳቀ። «እሺ ጌታው። ከዓይን ጀመረቻ፣ እንደ አባቷ?»

ልጅቱ ትንፋሿን ይዛ ጆሯን ወደ ግድግዳው አዘነበለች።

«ከዓይን የምጀምረው እኔ ነኝ» አለ አባቷ። «እሷ ከጀመረችበት ቦታ እኔ ደርሼ አላውቅም። ና፣ ተነስ፣ መጥተህ እይ።»

ወንበር ተገፋ። ከዚያ የሁለት ሰዎች ኮቴ በግቢው ጠጠር ላይ መጣ። እጇ እስከ አንጓዋ በከሰል ጠቁሯል። ጨርቁ አጠገቧ ነበር፤ አላነሳችውም። እንደጠቆረች ሄዳ በሩን ከፈተችላቸው።