ለቅሶ ቤት ያልሄደው ማሽን

ማንኮራፋቱ ድንገት ሲቋረጥ ወሰንየለሽ ከፍራሹ ላይ ብድግ አለች።

ባሏ ሀብተሥላሴ ከተቀበረ ሦስተኛ ቀኑ ነው፤ ጊዜው ከሰዓት በኋላ። የቦንጋ ዝናብ የድንኳኑን ሸራ ይደበድባል፤ ለቀስተኛው ስለ መንገዱ መበላሸት ያንሾካሹካል። የሚያንኮራፋው የሟች ታናሽ ወንድም ጣሰው ነው። ከዋጫ መጥቶ ሲያለቅስ ሰንብቶ፣ አሁን በጀርባው ተንጋሎ እንቅልፍ ወስዶታል። ድምፁ ግን ቁርጥ የሀብተሥላሴ ነው። ወሰንየለሽ የሞተው ሰው የተመለሰ መሰላት። ከብዙ ቆይታ በኋላ ጣሰው ተንፈራግጦ አየር ሳበ።

"እንቅልፍማ እንዲህ ነው! የጤነኛ ነው፣ ተዉት ይተኛ" አሉ ጎረቤቷ እትዬ በዛወርቅ። ስለ ሀብተሥላሴም ሃያ ዓመት ሙሉ ሲባል የኖረው ይኸው ነበር።

ሀብተሥላሴ የመሬት ቢሮ ሠራተኛ ነበር፤ ስብሰባ ላይ አፉን ከፍቶ የሚተኛ፣ ሲስቁበት አብሮ የሚስቅ። አምና ከወሰንየለሽ ጋር ጅማ ሄዶ ሲመረመር ግን ሳቁ ቀረ። ሐኪሙ በእንቅልፍ ሰዓት ጉሮሮው እየተዘጋ ትንፋሹ በሰዓት አርባ ጊዜ እንደሚቋረጥ፣ ልቡም እየደከመ እንደሆነ ነገራቸው።

"ክብደት ይቀንሱ፤ በጀርባዎ ሳይሆን በጎንዎ ይተኙ። ዋናው ሕክምና በጭምብል አየር የሚገፋ ማሽን ነው፤ በተኙ ቁጥር ማድረግ ይኖርብዎታል። ቀዶ ጥገናም አለ፤ እንጥልና ጉሮሮ ይስተካከላል። አንዳንዱን ይረዳል፣ አንዳንዱ ላይ ሕመሙ ይመለሳል።"

"አንዴ ተቆርጦ ይገላግለኝ፤ ዕድሜ ልኬን ቱቦ ታቅፌ ልተኛ?" አለ ሀብተሥላሴ።

እንጥል ሲባል ወሰንየለሽ የሕፃን ወንድሟ ነገር ትዝ አላት። የስድስት ወር ወንድሟ በመንደር ቆራጭ እንጥሉን ተቆርጦ፣ ደሙ አልቆም ብሎ በእናታቸው እቅፍ ነው የሞተው። "ጉሮሮህን ስለት አይነካውም!" ብላ ሐኪሙ ፊት ጮኸች። ባሏ እንባዋን አይችልም፤ ማሽኑን ይዘው ተመለሱ። ደግሞም ሠራ። መብራት ካልጠፋ ቤቱ ጸጥ ይላል፤ ሀብተሥላሴም ስብሰባ ላይ መንቃት ጀመረ።

"እትዬ ወሰን፣ ምነው እንዲህ ያዩኛል?"

ጣሰው ነቅቷል። ጠጋ ብሎ ድምፁን ዝቅ አደረገ። "ሚስቴ እኔንም ትንፋሽህ ይቆማል ትለኛለች። ጋሼን ማሽኑም አላዳነውም። እኔ ቀዶ ጥገናውን ላድርግ?"

ዝም ብትል ማንም አይጠይቃትም። በማሽኑ ማሳበብ ቀላል ነው፤ አፍ የለው አይከራከራት። ግን እዚህ ድንኳን ውስጥ ሌላ አስከሬን ታያት።

"ማሽኑ እዚሁ ቤት ነበር" አለችው። "ሺሺንዳ የጓደኛው እናት ሞተው ለቅሶ ሊያድር ሲነሳ ቦርሳው ውስጥ ከቶት ነበር። አውጥቼ ያስቀረሁት እኔ ነኝ። 'ሰው ሐዘን ላይ ተቀምጦ አንተ ቱቦ ሰክተህ ልትተኛ? ሰው ምን ይላል?' አልኩት። እዚያው በተኛበት ትንፋሹ ቀረ። ጠዋት ለቀስተኛው ገና የተኛ መስሎት፣ እንዳይቀሰቅሰው በእግሩ ጣት እየረገጠ ነው አጠገቡ የተመላለሰው።"

ለቀስተኛው ሁሉ ወደ እሷ ዞረ። እትዬ በዛወርቅ አፋቸውን በእጃቸው ያዙ።

"ለምን?" አለ ጣሰው።

"አፈርኩ። ከባሌ ነፍስ የሰው ወሬ በለጠብኝ። አንተ ሐኪም ዘንድ ሂድ፤ መቆረጥ ይሻልሃል ካለ እኔን እንዳትሰማ። ማሽን ካዘዘልህም ለቅሶ ቤትም ቢሆን ይዘኸው ግባ።"

ጣሰው ፊቱን ወደ ሸራው አዙሮ ትከሻው እስኪናወጥ አለቀሰ። ልቅሶው አድክሞት እንደገና እንቅልፍ ጣለው፤ ቀስ በቀስም ወደ ጀርባው ተንጋለለ።

ወሰንየለሽ ተነስታ አጠገቡ ተንበረከከች። ትከሻውን ይዛ በጎኑ አስተኛችው። ከዚያ ጥቁር ነጠላዋን ከራሷ ላይ ገፍፋ አጠፈችና፣ ተመልሶ እንዳይንጋለል ከጀርባው ወሸቀችለት። ለቀስተኛው ሁሉ እያያት፣ ራሷን ሳትሸፍን ተቀመጠች።