ከዚች ብርሃን እንዳትወጪ

ሐሙስ ከቀኑ አሥር ሰዓት ላይ የአምስት ዓመቷ ረድኤት ከመስኮት ብርሃን መውጣት አቃታት። ነገሩ የሆነው ደሴ ከተማ፣ ጋሽ ይመር ፎቶ ቤት ውስጥ ነው። ጋሽ ይመር የመጨረሻውን ፎቶ አንስቶ «በይ የኔ እናት፣ ጨርሰናል» አላት። ልጅቱ ከበርጩማው ወርዳ ሁለት እርምጃ ተራመደች። ብርሃኑ ወለሉ ላይ ከሚያልቅበት መስመር ስትደርስ ግንባሯ ተጋጨ።

«ጋሼ፣ እዚህ ጋ በር አለ» አለች ግንባሯን እያሻሸች።

በር የለም። ጋሽ ይመር እጁን አስገባ፤ አወጣ። እሱን የከለከለው ነገር አልነበረም። የልጅቱን እጅ ይዞ ሲስብ ግን መስመሩ ላይ ቀጥ ትላለች።

ይህ ሰው ሠላሳ ዓመት ሙሉ ልጆችን በፍላሽ ሲያነሳ ኖሯል። እውነቱን ለመናገር፣ ያነሳቸው ልጆች ሁሉ ስኳር ሲሰርቁ የተያዙ ይመስሉ ነበር። አምና ፍላሹ ሲቃጠልበት ነው ዘዴው የተገለጠለት። በርጩማውን ወደ ምዕራቡ መስኮት አስጠጋ፤ መስታወቱን በነጭ አቡጀዲ ሲጋርደው ብርሃኑ ለሰለሰ። በጥላው በኩል ከቴሌቪዥን ካርቶን የወጣ ነጭ ፎም አቆመ፤ የጨለመው ጉንጭ ፈካ። እሱ ራሱ ደግሞ የሚያመውን ጉልበቱን ችሎ ተንበረከከና በልጁ ዓይን ትክክል ማንሳት ጀመረ። ከዚያ ወዲህ በሚያነሳው ልጅ ሁሉ ዓይን ውስጥ መስኮቱ ትንሽ ሆኖ፣ ቁልጭ ብሎ ይታያል። እናቶች የሚወዱት ይህንኑ ነው።

ያስቸገረው አንድ ነገር ብቻ ነበር። ልጅ አንድ ቦታ አይረጋም። ስለዚህ ሁሉንም እንደሚያባብለው ረድኤትንም «በሞቴ፣ ከዚች ብርሃን እንዳትወጪ» ብሏታል። ምን ክፋት አለው? አገሩ ሁሉ አንዲት ጉርሻ ለማጉረስ በሞቴ ይላል፤ በዚህ የሞተ ሰው የለም።

እናትየዋ እታፈራሁ መጀመሪያ ሳቀች። «ተይ እንጂ አንቺ ልጅ፣ ጋሼን አታስቸግሪ!» ቀጥላ በሁለት እጇ ጎተተቻት። ከዚያ ወዲያ አልሳቀችም። በዚህ መሃል ደመና ፀሐይዋን ጋረዳት፤ ብርሃኑ ሲደበዝዝ ረድኤትም አብራ ደበዘዘች። በቀሚሷ ውስጥ የበርጩማው እግር ታየ። ደመናው ሲያልፍ ተመለሰች።

«ጋሽ ይመር» ብላ ጮኸች እታፈራሁ፣ «ፀሐይ የምትገባው ስንት ሰዓት ነው?»

«አሥራ ሁለት ተኩል ግድም።»

ጩኸቱን ሰምታ ከጎን ያለችው ልብስ ሰፊ፣ እትዬ ወርቄ፣ መርፌዋን ከንፈሯ ላይ እንደያዘች ገባች። አየች። መርፌውን አውጥታ ደረቷ ላይ ሰካችው።

«ምን ብለህ ነው ያስቀመጥካት?»

«በሞቴ ብዬ።»

«ወይ አንተ ሰው! ሞትህን የምታስርበት አጥተህ ከሕፃን ላይ?»

«ፈትቻታለሁ!» አለ ጋሽ ይመር ወደ ልጅቱ ዞሮ። «በይ ውጪ፣ ትቼዋለሁ!» ረድኤት ሞከረች። ግንባሯ እንደገና ተጋጨ፤ አሁን አለቀሰች።

«በአፍ አይፈታም» አለች እትዬ ወርቄ። «ሞቱ ያንተ ነው። ወስደህ በቦታዋ ተቀመጥ።»

ጋሽ ይመር ፈራ። በጣም ፈራ። አቡጀዲውን አየ፣ ከዚያ ልጅቱን አየ። ብርሃኑ ግድግዳው ላይ አንድ ክንድ ወጥቷል። ገብቶ በርጩማው ላይ ተቀመጠ። ረድኤት ያን ጊዜ ሮጣ እናቷ ጉያ ገባች፤ ምንም አልነካትም።

እሱ እጁን ወደ መስመሩ ዘረጋ። ጣቱ ታጠፈ።

«እውነትም በር አለ» አለ።

እታፈራሁ ጉልበቱን ልትስም ጎንበስ አለች። «ተይ፣ ተይ» አላት። «ፎቶው ነገ ይደርሳል። ልጅቱን ይዘሽ ሂጂ፤ ሳይመሽ።» እትዬ ወርቄ ፎሙን አንስታ የቀረውን ብርሃን ወደ እሱ አዞረችለት። ሌላ የሚደረግ ነገር አልነበረም።

ረድኤት ደጃፉ ላይ ስትደርስ የእናቷን እጅ ይዛ ዞረች።

«ጋሼ፣ አንተ አትመጣም?»

«እዚሁ ነኝ።»

«ፀሐይዋ ስትገባስ?»

ወደ መስኮቱ ዞረ። ልጅቱ አሰበች። ከዚያ ትልልቅ ሰዎች እንደሚያደርጉት ራሷን ዘንበል አድርጋ፣ በጣም በፍቅር፣ «በሞቴ እንዳትጠፋ!» አለችው።

እታፈራሁ የልጅቱን አፍ ከደነችው። ዘግይታለች። ፎሙ ከእትዬ ወርቄ እጅ ወደቀ።

ጋሽ ይመር አልተቆጣም። በርጩማው ላይ ተስተካከለ፣ ጉልበቶቹን ገጠመ፣ እጆቹን ጭኑ ላይ አደረገ። ሠላሳ ዓመት ልጆችን እንዴት እንደሚቀመጡ ሲነግራቸው የኖረው እንደዚያ ነው። «ሂጂ የኔ ዓለም» አላት። «አልጠፋም።»

አሥራ ሁለት ተኩል ላይ መጀመሪያ ጫማው ሄደ። ቀጥሎ ጉልበቱ፣ እጁ፣ ኮቱ። ላቡ በግንባሩ ሲወርድ ይታይ ነበር፤ ቆይቶ ግንባሩም አልታየም። ክፍሉ ጨለመ። እትዬ ወርቄ ማብሪያውን ተጫነች፤ በርጩማው ባዶ ነው። መልሳ አጠፋችው።

በጨለማው ውስጥ፣ በአምስት ዓመት ልጅ ቁመት ልክ፣ ሁለት ዓይኖች ወደ በሩ ያያሉ። አይርገበገቡም። በእያንዳንዳቸው ውስጥ አንድ አንድ ትንሽ መስኮት አለ፤ እዚያ ውስጥ ፀሐይዋ ገና አልገባችም።