ሰማያዊ ወይስ አርማታ

ጆዲ የዝናብ ውሃ ታንከሩን በጣቶቿ አንጓ እያንኳኳች ከላይ ወደ ታች ወረደች። ባዶው ድምፅ ከወገቧ በታች ድረስ ተከተላት።

"እማማ!" ብላ ጮኸች። "የታንከሩ ውሃ ወርዷል!"

አማቷ ኤልቫ ከአበባው መደብ አጠገብ ባልዲ ይዘው ቆመዋል። ከኋላቸው ሊደብቁት ሞከሩ፤ ግን ሙሉ ባልዲ ነውና ጫማቸው ላይ ፈሰሰባቸው።

"የታንከር ውሃ ነው?"

"ነው።"

"ለአበባ?"

"ታዲያ ለማን ይሆናል? ለድመቷ?"

ጆዲ ራሷን ያዘች። በዚያች የደቡብ አውስትራሊያ የባሕር ዳር ከተማ ለሰው ብዙ ጥፋት ይታለፍለታል። በበጋ የዝናብ ውሃ መሬት ላይ ማፍሰስ ግን የሚታለፍ አይደለም። የዝናብ ውሃ ለመጠጥና ለገላ ነው፤ አትክልት የሚጠጣው ከጓሮ ጉድጓድ የሚሳበውን ነው። ያለፈው በጋ ታንከሩ ደርቆባቸው ከጎረቤት በጄሪካን ሲለምኑ ከርመዋል፤ ጆዲ ያንን ሃፍረት አልረሳችውም።

ሌላ ነገር ሳትናገር የአርማታ ሠራተኛው ካርሜሎ ችካልና ሲባጎ ተሸክሞ በጎን በር ገባ።

"እንደምን አደራችሁ? አርማታውን የሚያመጣው ሚክሰር ከሻይ ሰዓት በኋላ ይደርሳል። የቱ ጋ ነው?"

"እዚህ ጋ" አለች ጆዲ፤ የአማቷን የአበባ መደብ እያሳየች።

የኤልቫ ፊት አመድ መሰለ።

ኤልቫ ዕድሜያቸውን ሙሉ የኖሩት ደጋ ነው፤ ጥድ በበዛበት ኮረብታ ላይ። እዚያ አፈሩ ራሱ ኮምጣጣ ስለሆነ ሃይድሬንጃ የሚባለው አበባ ያለ ማንም እርዳታ ሰማያዊ ሆኖ ያብባል። ባላቸው ሞተው ወደ ልጃቸው ወደ ክሬግ ቤት ሲመጡ አልጋቸውን ሸጠው፣ ቁም ሳጥናቸውን ሰጥተው፣ ሃይድሬንጃዎቻቸውን ነቅለው አመጡ። እዚህ ግን ከመሬቱ በታች ያለው ሁሉ የኖራ ድንጋይ ነው። በመጀመሪያው ገና አበቦቹ ሲፈነዱ ሮዝ ሆኑ፤ እንደ ሕፃን ካልሲ። ጆዲ "ሮዝም ያምራል እኮ" ብላ ልታጽናናቸው ሞከረች። ያን ቀን ኤልቫ ምሳ አልበሉም። ከቤታቸው የተረፋቸው ብቸኛው ነገር ሌላ ነገር ሆኖ ማበቡ አንገበገባቸው።

መደቡ ደግሞ ያረፈው ጆዲ የመኪና መጠለያ ልትሠራበት በምትመኘው ቦታ ላይ ነው። የባሕሩ ጨው መኪናዋን እየበላው ነው። ባለፈው ፋሲካ ተስማሙ፦ በሚቀጥለው ገና አበባው ሰማያዊ ከሆነ መደቡ ይቀራል፤ ሮዝ ከሆነ አርማታ ይፈስበታል።

"ገና ገና አልደረሰም" አሉ ኤልቫ። "እንቡጡ እንኳ አልተከፈተም። ውላችን በአበባው ነው።"

"እማማ፣ ከገና በኋላ አርማታ የሚሠራ ሰው አይገኝም። ሁሉም ዓሣ ማጥመድ ነው የሚሄደው። አይደለም እንዴ ካርሜሎ?"

"እኔ እንኳ ዓሣ አልወድም" አለ ካርሜሎ፤ ነገሩ አላማረውምና ዓይኑን ሲባጎው ላይ ተከለ። "ግን እሄዳለሁ።"

"አፈሩን እኮ መርምሬዋለሁ! የመመርመሪያው ዱቄት አምና ሐምራዊ ሆኖ ነበር፣ ኖራ ነው ማለት ነው። አሁን ቢጫ ሆኗል። ኮምጥጧል፣ ልጄ!"

"አምናም ድኝ ጨመሩ፣ የጥድ ቅጠል ከመንገድ ለቅመው አለበሱት፣ ያን የሚሸት ዱቄት በጠበጡበት። ምን ሆነ? ሮዝ!"

"አምና የጉድጓድ ውሃ ነበራ የማጠጣው!"

ኤልቫ ይህን የደረሱበት በክረምቱ ነው። ክሬግ መጋዘን ውስጥ የጉድጓድ ውሃ የሚያፈላበትን ማንቆርቆሪያ ሊያጸዱ ኮምጣጤ ሲያፈሱበት፣ ከውስጥ የተጋገረው ነጭ ቅርፊት እየተንተከተከ አረፋ ደፈቀ። ኖራ ነበር። ኤልቫ እዚያው የተደፋ ባልዲ ላይ ቁጭ አሉ። ለካ በአንድ እጃቸው መሬቱን ሲያኮመጥጡ በሌላው እጃቸው ኖራ ሲያጠጡት ከርመዋል! ከዚያ ቀን ጀምሮ የጉድጓድ ውሃ መደቡ አጠገብ አላደረሱም።

"ስለዚህ የእኛን የመጠጥ ውሃ ሰረቁ" አለች ጆዲ።

"አልሰረቅሁም። የራሴን ድርሻ ነው የሰጠሁት።"

"የምን ድርሻ?"

"ገላዬን የምታጠበው በጉድጓድ ውሃ ነው። ሻዬንም በእሱ ነው የማፈላው። የተረፈኝን የታንከር ውሃ ለእነሱ ሰጠሁ። ውሃው የወረደው ዝናብ ስለጠፋ እንጂ በእኔ አይደለም።"

ጆዲ የአማቷን ፀጉር አየች። ከጥቂት ወራት ወዲህ እንደ መጥረጊያ ደርቆ ቆሞ ነበር። እርጅና መስሏት ለልደታቸው የፀጉር ቅባት ገዝታላቸው ነበር። ለካ የጉድጓዱ ኖራ ነው ያደረቀው።

"እና እኔ ጋ መጥተው ቢነግሩኝስ?"

"እምቢ ትይኛለሽ ብዬ ነዋ።"

"እምቢ እል ነበር" አለች ጆዲ፤ ድምፅዋ ግን ወርዶ ነበር።

ካርሜሎ በሁለት ሴቶች መሀል ከመቆም ሥራ ይሻላል ብሎ ችካሎቹን መትከል ጀመረ። የመጨረሻውን ሊመታ ከትልቁ ቁጥቋጦ ጀርባ ጎንበስ ብሎ ቅጠሉን ገለል አደረገ። መዶሻውን እንዳነሣ ቀረ።

"እማማ ኤልቫ" አለ። "ይሄን እርስዎ ምን ቀለም ነው የሚሉት?"

ኤልቫ ባልዲውን ጥለው ተንበረከኩ። ከግድግዳው ጥግ፣ በቅጠል ጥላ ውስጥ፣ አንድ ራስ አበባ ቀድሞ ተከፍቷል። ሰማያዊ ነው። የፈዘዘ አይደለም፣ ወደ ሐምራዊ ያደላም አይደለም፤ የደጋው ሰማያዊ ራሱ።

"ሰማያዊ!" ብለው ጮኹ። "ሰማያዊ ነው! ጆዲ፣ ነይ እዪ!"

ጆዲ መጥታ ጎንበስ አለች። ጣቷን በምራቋ አርሳ አበባውን አሸት አደረገችው።

"ቀለም ቀባሁት ብለሽ ነው?"

"ከእርስዎ ምን ይታመናል?"

ጣቷ ላይ የቀረ ነገር የለም። ከዚያ ያልተከፈተ እንቡጥ ከሌላው ቁጥቋጦ ቀጥፋ በጥፍሯ ፈለቀቀችው። ውስጡ ሰማያዊ ነው። አንድ ሌላ ጨመረች፤ እሱም ሰማያዊ።

"በቃ፣ ልጄ፣ አትጨርሻቸው!" አሉ ኤልቫ። እየሳቁ ነበር፤ እንባቸውም ይወርዳል። የጭቃ ጫማቸውን እንዳደረጉ ተነሥተው ካርሜሎን ክንዱን ይዘው አሽከረከሩት፤ ካርሜሎም መዶሻውን ይዞ አብሯቸው ዞረ። ኤልቫ ከደጋ ከወረዱ ወዲህ እንዲህ ሲስቁ ጆዲ ሰምታቸው አታውቅም።

ከመንገዱ ማዶ የሚክሰሩ ድምፅ ተሰማ።

"እንግዲህ" አለ ካርሜሎ ላቡን እየጠረገ፤ "አርማታ አንዴ ከተቦካ አይመለስም። የት ላፍስሰው?"

ጆዲ መደቡን አየች፣ የአማቷን ፀጉር አየች። ከዚያ ቀና ብላ የመጋዘኑን ጣሪያ ተመለከተች። ሰፊ የቆርቆሮ ጣሪያ ነው፤ ዝናብ በመጣ ቁጥር ውሃው መሬት ላይ ነው የሚቀረው። አጎንብሳ የመጀመሪያውን ችካል በራሷ እጅ ነቀለች።

"መጋዘኑ ጥግ አፍስሰው" አለች። "ክብ አድርገህ።"

"ክብ መኪና አላችሁ እንዴ?"

"ታንከር ነው የምናቆምበት። ለአበባው ብቻ።" ከዚያ ወደ አማቷ ዞረች። "እርስዎ ደግሞ ይግቡና ፀጉርዎን በደንብ ይታጠቡ። በታንከር ውሃ።"