የድንቡሼ ጨጓራ

ድንቡሼ የሚለው ስም የወጣለት ገና የእቅፍ ልጅ ሳለ ነው። ያወጣችለት ታላቅ እህቱ ናት። ያኔ ጉንጩን እየቆነጠጡ የሚስቁበት ስም፣ ሰውየው አርባ ሊደፍን ሲል ግን ከእሷ በቀር ማንም ፊት ለፊት የማይደፍረው ሆነ። የከተማ አውቶቡስ ሾፌር ነበር። ሆዱ ከመሪው ጋር መጋፋት ሲጀምር አለቆቹ ወደ ስምሪት ክፍል አዛወሩት፤ በድምፅ ማጉያ አውቶቡሶችን ሲያሰማራ ይውላል። ቀልድ አያልቅበትም። “እኔ ስነዳው የነበረው አውቶቡስ ዛሬም ወደ ግራ ያዘነብላል” ይላል፤ የሰማው ሁሉ በሳቅ ይፈርሳል። እህቱም ትስቃለች። ልብስ ሰፊ ናት። ልኩ ገበያ ላይ ስለማይገኝ ሱሪና ሸሚዙን የምትሰፋለት እሷ ነበረች፤ በየዓመቱ ጨርቅ እየጨመረች።

አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ሱቋ መጥቶ በሩ ላይ ቆመ፤ ላብ በላብ ሆኗል።

“እትዬ፣ ሰኞ ሆስፒታል እገባለሁ።”

“ምን ሆንክ ደግሞ?”

“ጨጓራዬን ሊቆርጡልኝ ነው። አብዛኛውን አውጥተው የቀረውን እንደ ቱቦ አጥብበው ይሰፉታል። ከዚያ ትንሽ ስበላ እጠግባለሁ።”

መቀሷ ጨርቁ መሐል ላይ ቀረ። ሰው የታመመ አካሉን ሲያስቆርጥ ታውቃለች፤ ደህናውን የሚያስቆርጥ ግን ሰምታም አታውቅ።

“አፍህን መያዝ አቅቶህ ሆድህን ልታስቀድድ?”

ላቡን ጠርጎ የቀጠሮ ወረቀቱን ጠረጴዛዋ ላይ አኖረላት። ቀልድም አላመጣም። ከወሬው ይልቅ ያስፈራት ይኼ ነበር።

ሰኞ አብራው ሄደች። ሐሳቧ ቀዶ ጥገናውን የምትሠራውን ሐኪም አግባብታ ማስቀረት ነበር። ሐኪሟ ወጣት ናት፤ ወንበር ስባ አጠገቧ ተቀመጠች።

“ይኼ ነገር ይገድላል?” አለቻት እህትየው፣ ሳትዞር ሳትጠማዘዝ።

“አልፎ አልፎ ይገድላል። ስፌቱ ሊያፈስ፣ ደም ሊረጋ ይችላል። ብዙ ሰው ላይ አይደርስም፤ ግን ጭራሽ አይደርስም ብዬ አልዋሽዎትም። እንዲሁ ይቀመጥ ካሉኝ ደግሞ ስኳሩ አለ፣ ግፊቱ አለ። ምግብ መቀነሱን ስንት ጊዜ ሞክሮታል፤ በቀነሰ ቁጥር ሰውነቱ መልሶ ይታገለዋል። ከሁሉም የሚያስፈራኝ ሲተኛ ትንፋሹ መቋረጡ ነው። ተቀምጦ ማደር ከጀመረ እኮ ዓመታት ሆኑት።”

“ተቀምጦ?”

“አልነገረዎትም?”

የእሷና የእሱ ክፍል በአንድ ግድግዳ ነው የሚለየው። ማንኮራፋቱ ግድግዳውን አልፎ ሲመጣ “ባቡሩ ገባ” እያለች ለጎረቤት ስታስቅበት ኖራለች። ማዶ ሰውየው እንዳይታፈን ወንበር ላይ ቁጭ ብሎ እንደሚያድር በሕልሟም አልመጣባት። ልታስቀረው የመጣችበትን ቃል ሁሉ ዋጠችው።

ቀዶ ጥገናው በሰላም አለቀ። ድንቡሼም ቤቱ ገብቶ ሾርባውን በሻይ ማንኪያ ፉት እያለ “የድመት ቀለብተኛ ሆንኩ” ማለት ጀመረ። እህቱ መተንፈስ የቻለች መስሏት ነበር። አንድ ጠዋት ሾርባ ይዛ ስትገባ ግን ፊቱ አመድ መስሎ አገኘችው።

“ትከሻዬን ብርድ መትቶኝ ነው” አላት። “ያልፋል።”

ከሆስፒታል ሲወጡ ነርሷ የነገረቻቸው ትዝ አላት፤ ትኩሳት ከመጣ፣ ቁጭ ብሎ ሳለ ልቡ ከሮጠ፣ አንድ ሰዓት እንኳ እንዳትቆዩ ብላ ነበር። እጇን ደረቱ ላይ አደረገች። ልቡ የስፌት መኪናዋን ያህል ይሮጣል። ሾርባውን የት እንዳስቀመጠችው ሳታውቅ ታክሲ ልትጠራ ወጣች።

“ስፌቱ አፍስሷል” አለች ሐኪሟ፤ ወዲያው ወደ ቀዶ ጥገና ክፍል መለሱት።

እህትየው ኮሪደሩ ላይ ቀረች። ዕድሜዋን ሙሉ ስፌት ሲተረተር አይታለች፤ ይፈታል፣ እንደገና ይሰፋል፣ ማንም አይሞትበትም። ሐኪሟ ስትወጣ ጠብቃ “ነግረሽኛል፣ አውቃለሁ” አለቻት።

ሐኪሟ ጭምብሏን አወረደች። “ነግሬዎታለሁ። ቢሆንም ሲደርስ እኔም አልለመድኩትም” አለቻት።

ሆዱ ላይ ፈሳሹን የሚያወጣ ቱቦ ተተክሎለት ሳምንታት ተኛ። ተረፈ። ወራት ሲያልፉ ሰውነቱ መጉደል ጀመረ፤ የስኳር መርፌውንም ሐኪሟ አስቆመችው። ሁሉም ነገር ግን አልሰመረለትም። ቆዳው ተንጠለጠለ፣ ፀጉሩ ሳሳ፣ ቫይታሚኑን ዕድሜ ልኩን ሊውጥ ነው፤ ካልተጠነቀቀም ክብደቱ ሊመለስ እንደሚችል ተነግሮታል።

ለአዲስ ሱሪ ልትለካው ባቆመችው ቀን፣ ሜትሩን ወገቡ ላይ እያዞረች “መቼም ሁለተኛ አይለምደኝም ትላለህ” አለችው።

“አልልም። ነገ ግባ ቢሉኝም እገባለሁ።”

ሜትሩ ከእጇ አመለጠ። “ሞተህ እኮ ነበር!”

“አውቃለሁ። እዚያ ወንበር ላይ ግን በየቀኑ ዓይኔን የምጨፍነው ነገ እነሳለሁ ብዬ አልነበረም። ሆስፒታሉ ቢያንስ የሚጠብቀኝ ሰው ነበረበት።”

“ታዲያ ለምን አልነገርከኝም?”

“ነግሬሽ ነበር፤ አንዴ ያፍነኛል ብዬሽ። እራት ቀንስ ብለሽ ሳቅሽ።” ቂም አልነበረበትም፤ የአውቶቡስ መነሻ ሰዓት እንደሚናገር ሰው ነበር የሚናገረው። “እኔም አብሬሽ ሳቅኩ።”

ልታስታውስ ሞከረች፤ አልመጣላትም። ያስደነገጣት ይኸው ነበር። በስንት ቀልድ መሐል እንደነገራት እንኳ አታውቀውም።

ድንቡሼ ጎንበስ ብሎ ሜትሩን አነሳና ሰጣት። አፏ ውስጥ የሚመላለሰውን ይቅርታ ማውጣት አቃታት። ሜትሩን ወገቡ ላይ አዙራ እንደ አዲስ መለካት ጀመረች።