ዘቢደር ከቤቷ የራቀችበት ክረምት

ዘቢደር ጉርድ ሾላ፣ እትዬ ናዝሬት ቤት በተመላላሽነት መሥራት ከጀመረች አራት ዓመት አልፏታል። ጎህ ሲቀድ ከእንጦጦ ወርዳ ፈረንሳይ ለጋሲዮን ላይ ታክሲ ትሳፈራለች። ስታበስል፣ ስታጥብ፣ ስትተኩስ ትውልና ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ከምሳ የተረፈውን በፌስታል ቋጥራ ያንኑ ዳገት ትወጣለች። ከላይ የሚጠብቋት ሁለት ሰዎች ናቸው፤ የአሥር ዓመት ልጇ ለተጊዮርጊስና የሟች ባሏ አባት አቶ በዳዳ። ባሏ ሲሞት ዘመዶቿ ወደ አገሯ እንድትመለስ መክረዋት ነበር። ሽማግሌው ግን «ልጄን ቀበርኩ፤ የልጅ ልጄን ደግሞ አንቺ አትውሰጂብኝ» ስላሏት እዚያው ቀረች።

ኑሮው ሞልቶ አያውቅም፤ ግን እንደምንም ይገጣጠም ነበር። አቶ በዳዳ ከጓሮው ድንችና ጥቅል ጎመን ያወጡና ፈረንሳይ ላሉት ትንንሽ ምግብ ቤቶች ይሸጣሉ። ለተ ቁርሷንም ምሳዋንም የምትበላው ትምህርት ቤት ነው፤ ምገባው ከተጀመረ ወዲህ ጉንጯ ሞላ ብሏል። ማታ ማታ የራሷን ድርሻ ጨርሳ የእናቷን ማየት ትጀምራለች። ዘቢደርም «የኔን ደግሞ ማን ይበላልኛል» እያለች ከፊቷ እየቆረሰች ትሰጣታለች።

መጋቢት ላይ ኮሮና ገባ ተባለ። ትምህርት ቤቱ ተዘጋ። ወዲያው ምግብ ቤቶቹም ወንበራቸውን ገልብጠው በራቸውን ቆለፉ፣ ታክሲውም ግማሽ ሰው እየጫነ እጥፍ ያስከፍል ጀመር።

አንድ ጠዋት ዘቢደር ስትገባ እትዬ ናዝሬት ማስክ አድርጋ ግቢው ውስጥ ቆማ ጠበቀቻት።

«ዘቢደር፣ አትቀየሚኝ» አለቻት። «አንቺ በቀን ሁለት ጊዜ ታክሲ ውስጥ ትገቢያለሽ። የልጄን የሩታን አስም ታውቂዋለሽ። ወይ ሰርቪስ ቤቱ ውስጥ እየኖርሽ ነገሩ እስኪያልፍ ከግቢ አትወጪም፣ ወይ ደግሞ እስኪያልፍ ቤትሽ ታርፊያለሽ።»

«ቤቴ ካረፍኩ ደመወዙስ፣ እትዬ?»

ናዝሬት ወደ መሬት አየች። «ባለቤቴ ዘረሰናይም ግማሽ ደመወዝ ነው የሚከፈለው። ለማትሠራ ሰው መክፈል አንችልም።»

«ስንት ጊዜ ይሆናል?»

«አንድ ወር ይላሉ። ቢበዛ ሁለት።»

ማታ ቤቷ ገብታ ነገሩን ስትናገር አቶ በዳዳ አዳመጧት። «ሂጂ» አሏት። «እኔ አለሁላት።» ጠዋት ግን የዘቢደር አንድ እግር ጫማ ጠፋ። አልጋ ሥር ተፈለገ፣ ደጅ ተፈለገ፤ ተፈልጎ ተፈልጎ ከድንቹ ጆንያ ውስጥ ተገኘ። ዘቢደር ጫማዋን አጥልቃ ልጇን አልተቆጣቻትም። አቅፋት አንገቷን ሳመችና ወረደች።

የናዝሬት ቤት ፎቅ ነው። ልብስ የሚሰጣው ከላይ፣ ሰገነቱ ላይ ነበር። ዘቢደር አንሶላውን በገመድ ላይ ዘርግታ ስትጨርስ ወደ ሰሜን ዞር ትላለች። እንጦጦ ከዚያ ላይ ቅርብ ይመስላል፤ ባሕር ዛፉ ጠቁሮ፣ ከሥሩ የቆርቆሮ ጣራዎች እዚህም እዚያም እያብረቀረቁ። ከእነዚያ አንዱ የእሷ ቤት ነው፤ የትኛው እንደሆነ ግን አታውቅም። መጀመሪያ ሰሞን አንዱን መርጣ «ይሄ ነው» አለች። በሦስተኛው ሳምንት አለመሆኑን እያወቀች ያንኑ ጣራ ማየት ቀጠለች።

ሩታ የለተ እኩያ ናት። ትምህርቷ በቴሌግራም ይመጣላታል፤ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጣ ስልኩን እየነካካች ምሳ ይቀርብላታል። ቤት ውስጥ መዋል ሰልችቷት ምግብ ዘግቷታል። ዘቢደር አንድ ቀን ፓስታ፣ አንድ ቀን የተጠበሰ ዶሮ ትሠራላታለች። ልጅቷ ሁለቴ ቀምሳ ትገፋዋለች። ድሮ ያ የተረፈው ምግብ ማታ ዳገቱን ይወጣ ነበር። አሁን የሚወስደው ስለሌለ ወደ ቆሻሻ ቅርጫት ይገለበጣል። ዘቢደር ሳህኑን ስትገለብጥ ፊቷን ታዞራለች።

ደመወዟ ሾላ ገበያ ለሚነግደው ለወንደሰን ይላክለትና እሱ ለአቶ በዳዳ ዱቄትና ሽሮ ይሰጣቸዋል። ግን ወሩ በተቀየረ ቁጥር በዚያው ብር የሚገዛው ዱቄት እያነሰ ሄደ። ዘቢደር ይህን ከወንደሰን ሰማች እንጂ ከቤቷ የነገራት የለም። እሑድ እሑድ በአቶ በዳዳ ስልክ ስትደውል የመጀመሪያ ጥያቄዋ አንድ ነበር።

«ምን በላሽ፣ ለተ?»

«ሽሮ። ድንችም በላን። አባባ እንቁላል ገዛልኝ።»

«ጠገብሽ?»

«ጠገብኩ።»

ፋሲካ እንዲሁ አለፈ። ናዝሬት ክፉ ሰው አልነበረችም። ለበዓሉ ለዘቢደር አዲስ ቀሚስ ሰጠቻት፣ ከእነሱው ጋር ገበታ ላይ አስቀመጠቻት። ዘቢደር ጎርሳ «እግዜር ይስጥልኝ» አለች። ልጇ ፊት በዚያች ሰዓት ምን እንደቀረበ ማሰቧን ግን መተው አልቻለችም። አንድ ወር የተባለው ሦስት ሆነ። ሰኔ ሲገባ ጉም ወርዶ ተራራውን ሸፈነው። ልብስ ልታሰጣ በወጣች ቀን ሁሉ ነጭ ብቻ እያየች ትመለሳለች።

በሰኔ ማለቂያ አንድ ቀን፣ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ገደማ፣ የግቢው በር ተንኳኳ። ዘቢደር በቀዳዳው አየች። ለተ ነበረች።

ከእንጦጦ እስከ ጉርድ ሾላ በእግሯ መጥታለች። መንገዱን የምታውቀው ዐምና በእረፍት ጊዜ እናቷ ሁለት ቀን ይዛት ስለመጣች ነው። የትምህርት ቤት ጫማዋ ከፊቱ ተቆርጦ ጣቶቿ ወጥተዋል፤ እግሯ አድጎበታል። ፊቷ ግን ሰልሎ አገጯ ሾጥጧል። ዘቢደር በሩን ስትከፍተው ናዝሬት ከሰገነቱ ላይ ተጣራች።

«ዘቢደር፣ ከሩቁ። እባክሽ ከሩቁ።»

በመካከላቸው አራት እርምጃ ያህል ነበር።

«አባባ ያውቃል?» አለቻት ዘቢደር።

«አያውቅም። ድንች ሊለቅም ሄዷል።»

«የማንን ድንች?»

«የሰው። የእኛ አልቋል። ለዘር ያስቀመጥነውንም በላነው። አባባ ለእማ እንዳትነግሪ ብሎኛል።»

ዘቢደር ግራ እጇን በቀኝ እጇ ያዘች። በስልኩ የሰማችው ሽሮና እንቁላል ሁሉ ሽማግሌው ልጅቷን ያስጠኗት መሆኑ የገባት ያኔ ነው። ዘሩ ከተበላ ደግሞ በዚህ ክረምት የሚተከል የለም፤ በበጋውም የሚቆፈር አይኖርም።

«እማዬ፣ ልምጣ?» አለች ለተ፣ አንድ እግሯን አንሥታ።

ዘቢደር ወደ ላይ አየች። ናዝሬት ሩታን ከኋላዋ ይዛ ቆማለች። ልጇን ካቀፈች ሥራው ያኔውኑ እንደሚያከትም ታውቃለች፤ ዱቄቱም እንዲሁ።

«አይ» አለች። «እዚያው ሁኚ።»

ናዝሬት ራሷ ወረደች። መኮሮኒ፣ ዘይት፣ ዳቦና ሩዝ በዘንቢል ሞልታ መሬት ላይ አስቀምጣ ወደ ኋላ ሸሸች። ለተ ዘንቢሉን አነሣች። ናዝሬት ላዳ ታክሲ አስጠራችላት፣ ለሾፌሩም ከፍላ የሚያደርስበትን ነገረችው። ለተ ላዳ ውስጥ ገብታ አታውቅም። የኋላው ወንበር ላይ ዘንቢሉን አቅፋ ተቀምጣ እናቷን አየቻት፤ እጇን ግን አላወዛወዘችም። መኪናው ሲታጠፍ ዘቢደር በሩን ዘጋችና ጀርባዋን ለብረቱ ሰጥታ ቁጢጥ አለች። ከዚያ ቀን በኋላ ማታ ስትተኛም ሆነ ሽንኩርት ስትከትፍ የምትሰማው የራሷን ድምፅ ነው፤ «እዚያው ሁኚ»።

በማግሥቱ ልሂድ ብላ ጠየቀች። ናዝሬት ለአቶ በዳዳ በየሳምንቱ አስቤዛ እንደምትልክ ቃል ገባች፤ ላከችም። ዘቢደር ደግሞ ሌላ ሥራ ከየት እንደምታገኝ ብታስብ አንድም በር አልታይ አላት። ቆየች።

በሽታው እዚያ ግቢ የገባው በነሐሴ ነው። ጋሼ ዘረሰናይ ከመሥሪያ ቤቱ ሰዎች ጋር ለቅሶ ደርሶ መጣ፤ በአራተኛው ቀን ማሳል ጀመረ። ሁሉም ተመረመሩ። ዘረሰናይ፣ ናዝሬትና ዘቢደር ተገኘባቸው፤ ሩታ ብቻ ነፃ ወጣችና አክስቷ ወሰዷት። አምስት ወር ከግቢ ያልወጣችው ዘቢደር ሰርቪሱ ውስጥ ተዘግታ በትኩሳትና በቁርጥማት ተንገላታች። ናዝሬት ቀድማ ስላገገመች ሾርባ እየሠራች በሩ ላይ ታስቀምጥላት ጀመር። አንድ ቀን ሳህኑን አስቀምጣ አልሄደችም።

«ዘቢደር፣ ትሰሚኛለሽ?»

«እሰማለሁ፣ እትዬ።»

«እኛው ነን ያመጣንብሽ። ልጅሽን እንኳ አላሳቅፍ ብዬሽ...» የናዝሬት ልቅሶ በበሩ በኩል ተሰማ።

«በሽታ ነው፣ እትዬ። ማንም አያመጣውም» አለች ዘቢደር።

ያለችው ግን ሐሳቧን ሁሉ አልነበረም። እሷ ከታክሲ ይዛው ገብታ ቢሆን ኖሮ፣ በሩ ላይ ሾርባ የሚያስቀምጥላት ሰው ይኖር ነበር? ይህን ደጋግማ አሰበች፤ መልሱንም ታውቀዋለች። ሆኖም የናዝሬት ልቅሶ የውሸት እንዳልሆነ ስለምታውቅ ልቧ ለሁለት ተከፍሎ ሾርባውን ጠጣችው።

ድና ልትሄድ ስትዘጋጅ ደግሞ አቶ በዳዳ ደወሉ። ድምፃቸው የሐፍረት ነበር። «ልጄ፣ ትንሽ ቆዪ። እኔ ሽማግሌ ነኝ፣ ደረቴም ይህን በሽታ አይችለውም። እኔ ከወደቅሁ ልጅቷን ማን ይይዛታል?» ዘቢደር እውነታቸውን ነው አለች። እንቁጣጣሽም በዚሁ አለፈ። ያን ቀን ለተ ስልኩን ተቀብላ «እንኳን አደረሰሽ» አለችና ስልኩን ወዲያው ለአያቷ መለሰች። ድሮ ስለ ዶሮዋም ስለ ጎረቤቱ ውሻም አውርታ የማትጨርስ ልጅ ነበረች።

በመስከረም አጋማሽ ዘቢደር ዳገቱን ወጣች። አደይ አበባ የመንገዱን ዳርና ዳር ሞልቶታል። ትንፋሿ አጥሮ ሦስት ቦታ ላይ አረፈች። አቶ በዳዳን ደጅ ላይ ተቀምጠው አገኘቻቸው፤ ሲነሡ ግድግዳውን ያዙ።

«እንኳን በደኅና መጣሽ፣ ልጄ።»

ለተ ከቤት ወጣች። ቁመቷ ጨምሯል፤ ፀጉሯ ግን እስከ ሥሩ ተቆርጧል። እሑድ እሑድ እያወጋች ትሠራላት የነበረውን ያንን ፀጉር ዘቢደር ስንት ጊዜ በሐሳቧ ስትፈታውና ስትጎነጉነው ከርማለች።

«ፀጉርሽ የት ሄደ?»

«አባባ መሥራት አይችልም» አለች ለተ።

ዘቢደር ሄዳ አቀፈቻት። ልጅቷ አልሸሸችም፤ እጆቿ ግን ወደ ጎን እንደተንጠለጠሉ ቀሩ። ቀስ ብላ አንዱን እጇን አንሥታ የእናቷን ጀርባ ሁለት ጊዜ መታ መታ አደረገችላት፤ ልክ ትልቅ ሰው የሚያለቅስ ልጅ እንደሚያባብል።

ናዝሬት ታክሲው ሲስተካከል በተመላላሽነት እንድትመለስ ጠርታታለች፤ ዘቢደርም እሺ ብላለች። ሌላ አማራጭ አልነበራትም። ከሥራ በፊት የነበራትን አንድ ሳምንት ከልጇ ጋር ለማሳለፍ ወሰነች። ያን ዕለት ከጉርድ ሾላ ይዛ የመጣችውን ዳቦ ቆርሳ ሰጠቻት። ለተ ግማሹን በላችና ግማሹን በጨርቅ ጠቅልላ ከመደርደሪያው ላይ አስቀመጠችው።

«ጨርሺው እንጂ፣ ለተ።»

«ጠግቤያለሁ።»

«ገና አልጠገብሽም። አውቅሻለሁ።»

ልጅቷ እናቷን ትኩር ብላ አየቻት። «ነገ ከሌለስ?» አለች፤ ለመከራከር ሳይሆን ለማወቅ።

ዘቢደር «ይኖራል» ልትል አፏን ከፍታ ተወችው። ካለፈው መጋቢት በፊት ብትጠየቅ ያለ ጥርጥር ትለው ነበር። ድርሻዋን ጨርሳ የእናቷን ማየት የምትጀምረው ያቺ ሞላ ያለች ልጅ ናፈቀቻት፤ ሰገነቱ ላይ ሆና ስትናፍቃት ከነበረው ይልቅ አሁን አጠገቧ ተቀምጣ ሳለች ባሰባት። የራሷን ዳቦ ለሁለት ከፈለችው። ግማሹን ለአቶ በዳዳ ሰጠች፤ የቀረውን ይዛ ልጇ አጠገብ ተጠግታ ተቀመጠችና ቀስ እያለች መብላት ጀመረች።

«ነገ ፀጉሬን ትቀቢኛለሽ?» አለች ለተ ድንገት። «ትንሽ በቅሏል።»

«ዛሬውኑ እቀባሻለሁ» አለች ዘቢደር፤ ቅቤ ልትፈልግም ተነሣች።