ከልብስ ሰፊዋ ጓሮ የቆመችው አረንጓዴ መኪና

ባንዲራ እስከ እሁድ የጓሮውን ክፍል ካልለቀቀ ልጁ ከነመንታዎቿ ኮሪደር ላይ ልትተኛ ነው። ክፍሉን የያዘው ደግሞ ሰው እንዳይመስላችሁ። ባቡር ነው። ፉርጎው ከጣት የማይረዝም ባቡር፣ በሁለት አሮጌ የበር መዝጊያ ላይ ከነሐዲዱ፣ ከነጣቢያው፣ ከነሰፈሩ ተዘርግቶ።

ሰውዬው ዕድሜ ልኩን መሻገሪያው ጋ ቆሞ ለባቡር ባንዲራ ሲያውለበልብ የኖረ ነው፤ ስሙም ከዛው ወጣለት። ጡረታ ሲወጣ፣ እኩዮቹ ካርታ ሲጫወቱ፣ እሱ ስድስት ዓመት ሙሉ ያንን ሰፈር በካርቶንና በሙጫ ሠራው፤ የመጨረሻው ባቡር ባለፈበት ዓመት እንደነበረው አድርጎ። አሁን ተስፋው አንድ ብቻ ነው። የባቡር ጡረተኞች ማህበር አይቶ «ልክ ነው» ካለ በድሮው ጣቢያ የመንገደኞች አዳራሽ ይቀመጥለታል። «ልክ አይደለም» ካለ ሌላ የሚገባበት ቤት የለም፤ በመጋዝ ተቆራርጦ ይጣላል።

የማህበሩ ሊቀመንበር ደግሞ አለቃ ናቸው፣ የድሮው የጣቢያው አለቃ። ባለፈው ዓመት አንድ መካኒክ እንዲህ ያለ ሰፈር ሠርቶ ቢወስድላቸው፣ «ይቺ መኪና ያኔ አልተወለደችም!» ብለው ከነጠረጴዛው መለሱት። መካኒኩ እስከ ዛሬ ቀና ብሎ አይሄድም።

ስለዚህ ሐሙስ ከሰዓት፣ አለቃ ማህበሩን ወክለው ዘጠኝ ሰዓት ሊመጡ፣ ባንዲራ ለሰፈሩ መንገድ የሰበሰባቸውን የመጫወቻ መኪናዎች ቆርቆሮ ከፍቶ መነጽሩን አፍንጫው ጫፍ ላይ አድርጎ ያልበዋል። አሥራ አንድ መኪና መርጦ ደርድሯል። ሚስቱ ሻይ ይዛ ገባች። እሷን ሰፈሩ ሬዲዮ ነው የሚላት፤ ባትሪ የማትፈልግ ሬዲዮ።

«ምንድን ነው ይሄ?» አለች። «ሠርግ ነው እንዴ? ሁሉም ያብለጨልጫል!»

«የዛ ዓመት ሞዴል ናቸው። ሆዳቸው ላይ ተጽፏል፣ አንብቢ።»

«እኔን አንብቢ ትለኛለህ? አንተ ሰውዬ፣ ያኔ የተሠራ መኪና ያኔ እኛ ጋ ምን ሊሠራ ይመጣል? እኛ ጋ መኪና የሚደርሰው ሌላ ቦታ አርጅቶ፣ ሦስት ባለቤት ቀይሮ፣ በሩ በሽቦ ታስሮ ነው።»

ባንዲራ ክው አለ። ስድስት ዓመት ሲለፋ ይሄ አንድ ቀን አልመጣለትም። «ወይኔ! ታዲያ የትኛው መቼ እንደመጣ በምን አውቃለሁ? መዝገብ የለ!»

«መዝገብ?» ሬዲዮ ወንበር ስባ ቁጭ አለች። «ይቺ ቀይዋ የጥርስ ሐኪሙ ናት። የጥርስ ሐኪሙ የመጣው ባቡሩ ከቆመ በኋላ ነው። የዳኛው ሚስት ጥርሷን ሳያማት በሳምንት ሦስቴ መታየት የጀመረችው መቼ ሆነና! አውጣት።»

«ነጩ ፒካፕስ?»

«የዳቦ ቤቱ ልጅ ይዞት የጠፋው? አንዲት ልጅ ይዞ ሲጠፋ የኛ ትልቋ አግብታ ነበር፤ እሷ ያገባችው ደግሞ ባቡሩ ከቆመ በኋላ ነው። አውጣው። ይሄ ግራጫው የወፍጮ ቤቱ ነው፣ እሱ ነበረ፤ ሾፌሩ ሁለት ቤት ነበረው፣ አንደኛው ቤት ሲያመሽ ሞተሩን አያጠፋም። አውቶቡሱም ነበረ፣ ግን አንድ ዓይኑ ጠፍቷል፣ መብራቱን ንቀልለት።»

እንዲህ እያለች አራቱን ጣለች፣ ከቆርቆሮው ሥር የዛጉ አራት አሮጌዎች አወጣች። ያነሳችው ሁሉ ታሪክ አለው፣ ታሪኩ ሁሉ ዓመት አለው። ባንዲራ አፉን ከፍቶ ያያታል። በመጨረሻ አንዲት አረንጓዴ፣ ጣሪያዋ ነጭ የሆነች አነሳ።

«ይቺማ ነበረች!» አለች።

«የአለቃ እኮ ናት! ሲሰሙ እንዴት ደስ ይላቸው!» ሳቀ፣ በሳምንቱ ለመጀመሪያ ጊዜ። «በይ እንግዲህ አንቺው አስቀምጫቸው፣ የሚቆሙበት ቦታ ላይ። እኔ ሐዲዱን ነው ያየሁት፣ መንገዱን ያየሽው አንቺ ነሽ። ሙጫው በደቂቃ ነው የሚይዘው፣ እጅሽን እንዳያጣብቅሽ።» ብሎ ሊላጭ ሄደ።

ሬዲዮ ማስቀመጥ ጀመረች። ግራጫውን ወፍጮ ቤቱ ጋ ሳይሆን ሁለተኛው ቤት ጋ። አውቶቡሱን መሻገሪያው ላይ። ሞተር ሳይክሉን ቄራው በር ላይ። እጇ ራሱ ያውቃል፣ ሐሳቧ ያኔ ሄዶ መንገዱ ላይ ነው። አረንጓዴዋም ሆድ ላይ ሙጫ ጠብ አድርጋ ሁልጊዜ የምትቆምበት ቦታ ለጠፈቻት፤ ከልብስ ሰፊዋ ቤት ጓሮ።

ከዛ የውጩ በር ተንኳኳ። ሬዲዮ የለጠፈችውን አየች። «ወይ ጉዴ!» አለች።

ልብስ ሰፊዋ ሰፈሩን ለቃ ከሄደች ቆይታለች። አለቃ ግን አልሄዱም። የአለቃ ሚስትም አልሄደችም፤ ይባስ ብሎ አለቃ ዓይናቸው ከደከመ ወዲህ የምታይላቸው እሷ ናት። የማህበሩን ቅጽ የምትይዘው እሷ፣ የምታነበው እሷ፣ እያንዳንዷን መኪና ከነቦታዋ የምትነግራቸው እሷ!

ሬዲዮ አረንጓዴዋን ያዘችና ጎተተች። ንቅንቅ አትልም። በጥፍሯ ፈለፈለች። አንድ ዛፍ አንስታ ከላይ ልትሸፍናት ስትል ባንዲራ ጉንጩ ላይ አረፋ ይዞ ገባ። «ምን ነካሽ! እዛ ዛፍ አልነበረም!» ብሎ ነጠቃት፣ ሮጦም በሩን ከፈተ።

አለቃ በሚስታቸው ክንድ ተደግፈው ገቡ። ሻይ እንቢ አሉ። ወንበር ላይ ቀጥ ብለው ተቀመጡ፣ ከዘራቸውን ጉልበታቸው መሃል አቁመው። «እንይ» አሉ።

ሚስትየዋ ጎንበስ ብላ ጀመረች። «የወፍጮ ቤቱ ግራጫ የጭነት መኪና።»

«ልክ።»

«አውቶቡሱ። አንድ መብራት የለውም።»

አለቃ ሳቃቸው አመለጣቸው። «አይ ባንዲራ! ይሄንንም አልረሳህ! ልክ።»

አንድ በአንድ ሄዱ። ባንዲራ በእያንዳንዷ «ልክ» አንድ ስንዝር ይረዝማል። ሬዲዮ በእያንዳንዷ አንድ ስንዝር ታጥራለች። የሴትየዋ ጣት መሻገሪያውን አለፈ፣ በትምህርት ቤቱ አጥር ታጠፈ፣ መጣ።

«አረንጓዴ መኪና» አለች። «ጣሪያዋ ነጭ።»

«የኛዋ!» አለቃ ከወንበራቸው ብድግ ሊሉ ቃጡ። «የት ነው ያቆማት?»

የሚስትየዋ ጣት ጓሮው ላይ ቆመ።

«ጣቢያው በር ላይ ናት አይደል?»



ባንዲራ ምን ያውቃል! ደረቱን ነፍቶ፣ «እያንዳንዷን ያስቀመጠችው ባለቤቴ ናት፣ አለቃ። በዓይኗ ያየችውን፣ ሳትጨምር ሳትቀንስ!» አለ።

ሚስትየዋ ቀና ብላ ሬዲዮን አየቻት። ሬዲዮ ያን አስተያየት መሸከም አቃታት። በዕድሜዋ ወሬ ሆዷ ውስጥ አድሮ አያውቅም፤ አሁን ግን ቢሞላላት ሠላሳ ዓመት ያወራችውን ሁሉ መልሳ በዋጠች። እውነቱን ብትናገር ይቺን ሴት በራሷ ባል ፊት ታዋርዳለች። ተሳስቻለሁ ብትል ደግሞ የባንዲራ ስድስት ዓመት ገደል ገባ።

«ተሳስቼ ነው» አለች። ድምፁ የሷ አልመሰላትም። «እሷን... እሷን እንኳ በግምት ነው ያስቀመጥኳት። አላየሁም።»

ባንዲራ ዞሮ አያት። ጉንጩ ላይ የቀረችው አረፋ ወረደች።

«በግምት?» አለቃ ከዘራቸውን መሬት መቱ። «ታዲያ ሌላውንስ በምን ልመን? የኔን መኪና ያላወቀ የወፍጮ ቤቱን ያውቃል? መካኒኩን በአንዲት መኪና መልሼ አንተን ባሳልፍ ሰው ምን ይለኛል? ልክ አይደለም ብለሽ ጻፊ።»

«አለቃ፣ በፈጠረዎት...» ባንዲራ የመዝጊያውን ጠርዝ ጨብጦ ቀረ።

ሚስትየዋ እስክሪብቶውን ከፈተች። ቅጹ ላይ አስጠጋችው። አልጻፈችም።

«አልተሳሳተችም» አለች።

«ምን?»

«መኪናዋ ያለችው ከልብስ ሰፊዋ ጓሮ ነው። ረቡዕና ዓርብ እዛ ነበር የምትቆመው። ምሳ ዕቃዎን ይዤ በማዶ ሳልፍ አያት ነበር።»

 ውጭ የሆነ ሰው ብስክሌት ደወለ።

«ሱሪ...» አሉ አለቃ። ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ሱሪ ላሰፋ ነበር እኮ የምሄደው።»

«ሦስት ዓመት ሙሉ አንድ ሱሪ?»

ሌላ ቀን ቢሆን ሬዲዮ በሳቅ ትሞት ነበር። ያን ቀን ግን ከንፈሯን ነክሳ ወለሉን አየች።

«እንግዲህ ሊቀመንበሩ እርስዎ ነዎት» አለች ሚስትየዋ፣ ረጋ ብላ። «ልክ ነው ወይስ ልክ አይደለም?»

አለቃ ፊታቸውን ወደ ጠረጴዛው አዞሩ፣ ማየት የሚችሉ ይመስል። ከዘራውን ያዙት፣ ለቀቁት። 

«ልክ ነው» አሉ በመጨረሻ፣ ቀጠን ባለች ድምፅ።

ጻፈች። ጣታቸውን ይዛ መስመሩ ላይ አሳረፈችላቸው፤ «እዚህ ጋ» አለች፤ ፈረሙ። ባንዲራ ግድግዳውን ተደግፎ ቁልቁል ተንሸራተተ፣ መሬት ተቀመጠ፣ ልክ እንደ ሕፃን።

ሚስትየዋ ቅጹን አጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች። ከዛ እንደገና ጎንበስ አለችና አረንጓዴዋን ያዘች። በሁለት እጇ ጠምዝዛ፣ ቀጭ አድርጋ ከነካርቶኑ ነቀለቻት። ሬዲዮ ልትሰብራት ነው ብላ እጇን ዘረጋች።

«አንዲት ነገር ስተሻል» አለቻት ሚስትየዋ። «ፊቷ ወደ መንገዱ አልነበረም፣ ወደ አጥሩ ነበር።» አዞረቻት። «ሙጫውን እስቲ አቀብይኝ።»

ሬዲዮ አቀበለቻት። ሚስትየዋ መኪናዋን ፊቷን ወደ አጥሩ አድርጋ፣ ሙጫው እስኪይዝ በአውራ ጣቷ ተጫነቻት።