ነጯን ተከተል

ዝናቡ አሥራ አንድ ቀን ሙሉ ሰማዩን ዘግቶ ከርሞ፣ በዚያ ቅዳሜ ጠዋት ድንገት ገለጥ አለ። እንግዲህ ክንፍ ያለው ሁሉ ሊወጣ ነው ማለት ነው። የበረራ ትምህርት ቤቱ ተማሪዎች፣ ቅዳሜን ጠብቀው የገዛ አውሮፕላናቸውን የሚያበርሩ ሐኪሞችና ነጋዴዎች፣ ሚስቱ «ቤት ውለህ አትነዝንዘኝ» ያለችው ጡረተኛ ካፒቴን ሳይቀር፣ ሁሉም በአንድ ጠዋት እንደ ጉንዳን ግልብጥ ብለው ወጡ። ይህ ሁሉ ጉንዳን ታዲያ ያለችው አንዲት ማኮብኮቢያ ብቻ ናት።

ጥድፊያ የመቆጣጠሪያውን ማማ ሰማንያ ሁለት ደረጃ በሩጫ ወጣችው። ጥድፊያ ብለው ስም ያወጡላት የሥራ ባልደረቦቿ ናቸው፤ ስትናገር ቃሉን በቃሉ ላይ ስለምታነባብረው። ያን ቀን የተቆጣጣሪነት ፈቃድ ፈተና ነበረባት፤ ሦስተኛውና የመጨረሻው። በመጀመሪያው ፈተና አብራሪዎቹ «አልሰማንም፣ ድገሚልን» እያሉ መድረሻ አሳጧትና ወደቀች። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባል የለ? በሁለተኛው ደግሞ ላለመቸኮል ስትጠነቀቅ አፏ ተሳሰረና ወደቀች። ዛሬ ከወደቀች ማይክሮፎን ዳግመኛ አትነካም፤ ምድር ቤት ወርዳ የበረራ ቅጽ ስትደረድር ትኖራለች። ይህን እያወቀች እንኳ ደስታዋን መደበቅ አቃታት። እንዲህ የተጨናነቀ ሰማይ ስታይ ሌላው ሰው ይፈራል፣ እሷ ግን እጇን ይበላታል።

እናቷ ጠዋት በር ላይ ይዛት ነበር።

«ለመሆኑ ልጅሽ ሥራዋ ምንድን ነው ሲሉኝ ምን ልበል?»

«ትንንሽ አውሮፕላኖች እንዳይጋጩ ታደርጋለች በያቸው።»

«ይህን የሚያክል ሰማይ ተሰጥቷቸው ምን ያጋጫቸዋል?»

«ሰማዩማ ሰፊ ነው እማዬ። ማረፊያው ነው አንድ።»

«እንዲያ በይኛ! ወረፋ አስከባሪ ነሽ» አለቻት እናቷ። ከዚህ የተሻለ አድርጎ የገለጸው ሰው እስካሁን አልተገኘም።

የማማው ክፍል ዙሪያውን መስታወት ነው። ጠረጴዛው ላይ እያንዳንዷ አውሮፕላን በፕላስቲክ ማቀፊያ የገባች አንዲት ቁራጭ ወረቀት አለቻት፤ ወረቀቶቹ እንደ ወረፋቸው ይደረደራሉ። ወረቀቱን የሚጽፉትና ስልኩን የሚያነሱት እቴቴ ናቸው፤ አሥራ ስምንት ዓመት እዚያው ወንበር ላይ ተቀምጠዋል፣ በሬዲዮ መናገር ግን ሥራቸው አይደለም። ከጥድፊያ ኋላ ደግሞ ፈታኙ ተቀምጧል። ጋሽ ዝም ይሉታል። ሲፈትን አይመክርም፣ አይቆጣም፣ አያስልም። አንድ ነገር ብቻ ያደርጋል፤ ተፈታኙ ካቃተው እጁን ዘርግቶ ማይክሮፎኑን ይወስዳል። ማይክሮፎኑ ተወሰደ ማለት ፈተናው አለቀ ማለት ነው።

እስከ ሦስት ሰዓት ተኩል ድረስ ነገሩ ሁሉ እንደ ዘፈን ሄደላት። አንዷን ታስነሳለች፣ አንዷን ታሳርፋለች፣ ሌላዋን «አንድ ዙር ጨምሪ» ትላለች። እቴቴ ወረቀት ሲያቀብሏት ዓይናቸውን ጠቀስ አደረጉላት። ጋሽ ዝም ምንም አልጻፈም፤ እሱ ካልጻፈ ደግሞ ደህና ነው።

ከዚያ ሦስት አውሮፕላኖች ተከታትለው መጡ። አንደኛዋ የትምህርት ቤቱ ነጭ አውሮፕላን ናት፤ መሬት ልትነካ ትንሽ ቀርቷታል። ሁለተኛዋ የአንድ የጥርስ ሐኪም ናት፤ እሷም ነጭ ናት፣ ከሩቅ አንስቶ ቀጥ ብላ እየወረደች ነው፣ ገና ሁለት ኪሎ ሜትር ይቀራታል። ሦስተኛዋን ቀዮ ይሏታል፤ ቀለሟ ነው ስሟን ያወጣላት። ቀዮን የያዘው ብቻውን ሲበር ገና ሁለተኛ ጊዜው የሆነ ተማሪ ሲሆን፣ በማኮብኮቢያው ጎን እየበረረ ተራውን ይጠብቃል።

«ቀዮ፣ ሦስተኛ ነህ» አለችው ጥድፊያ። «ከፊትህ ነጭ አውሮፕላን አለች፣ ነጯን ተከተል። ታየችህ?»

«ታየችኝ፣ እከተላታለሁ» አለ ተማሪው ፈጠን ብሎ።

ታየችኝ ካለ በደንቡ መሠረት ኃላፊነቱ የእሱ ነው። ጥድፊያም የቀዮን ወረቀት ከሐኪሙ ወረቀት ሥር አስገብታ ዓይኗን ወደ መነሻው መለሰች። ሦስት ሰከንድ ቢሆን ነው። ቀና ስትል ቀዮ ወደ ማኮብኮቢያው እየታጠፈች ነው።

ለምን ታጠፈ? ወዲያው ገባት። ልጁ ያያት ነጭ፣ መሬት ልትነካ የደረሰችው ናት! እሷ ያለችው ደግሞ የሐኪሙን። ሁለት ነጭ እያሉ «ነጯን» ብላው ልጁ ቅርቧን መረጠ፣ አሁን በሐኪሙ አናት ላይ እየወረደ ነው።

በዚያ ላይ የቀዮ ክንፍ ከታች ነው፤ የያዛት ሰው ሥሩን አያይም። የሐኪሙ አውሮፕላን ክንፍ ከላይ ነው፤ አናቱን አያይም። አንዱ በሌላው ላይ ሊቀመጥ ሲወርድ ሁለቱም ፊት ለፊታቸው ያለውን ማኮብኮቢያ እያዩ ደስ ብሏቸዋል። በመካከላቸው ያለው ከፍታ አራት ፎቅ ነበር፣ ሦስት ሆነ።

ማይክሮፎኑን ተጫነች። አልሠራም። ሬዲዮው ተይዟል።

«ታወር፣ እንደምን አደራችሁ» ይላል ጡረተኛው ካፒቴን ከመቆሚያው ሆኖ። «ያ የነዳጅ መኪና ዛሬም ሊያስቆመኝ ነው እንዴ? ባለፈው ወር አርባ ደቂቃ…»

ሁሉም የሚነጋገሩት በአንድ መስመር ነው። የካፒቴኑ አውራ ጣት ቁልፉ ላይ እስካለ ድረስ ሌላው ቢጮህ የሚሰማው የለም። ካፒቴኑ ደግሞ ወሬ ከጀመረ እግዜር ይሁነን የሚባል ሰው ነው። «…ሾፌሩን ጠርቼ፣ ልጄ፣ አልኩት…»

የጋሽ ዝም ወንበር ሲንቀሳቀስ ሰማች። እጁ በትከሻዋ በኩል ወደ ማይክሮፎኑ ሲመጣ አየችው።

«ይያዙት ጋሼ፣ አይሠራም!» አለችና ማይክሮፎኑን ጠረጴዛው ላይ ጥላለት ብድግ አለች። ከጣሪያው በገመድ የተንጠለጠለ የምልክት መብራት አለ፣ ሬዲዮ ለተበላሸበት አውሮፕላን የሚያበሩት። ማንም ሳይነካው ዘመን አልፎታል፤ አቧራው አፍንጫዋ ውስጥ ገባ። ጎትታ አወረደችው፣ ቀዩን መረጠች፣ እንደ ጠመንጃ አነጣጥራ አበራች። የማይብለጨለጭ ቀይ ማለት አትረፍ፣ ለሌላው ቅድሚያ ስጥ፣ እየዞርክ ቆይ ማለት ነው። ይህን ሃያ ዓመት የበረሩት ረስተውታል። ተማሪ ግን ለፈተና ይሸመድደዋል!

«እየኝ» አለች። «እየኝ አንተ ልጅ፣ እየኝ፣ እየኝ በእናትህ!»

እቴቴ ስልኩን ይዘው ቆመዋል፣ ስልኩ ውስጥ ሰው ያወራል፣ አይሰሙትም። ሦስቱ ፎቅ ሁለት ሆነ። ሁለቱ አንድ ተኩል።

የቀዮ ክንፍ ተነሳ። ቀጥ ብላ ለአንዲት ቅጽበት የተንጠለጠለች መሰለች፣ ከዚያ ሆዷን አሳይታ ወደ ቀኝ ተጠማዘዘችና ሽቅብ ወጣች። የጥርስ ሐኪሙ በሥሯ አለፈ። በዚያው ቅጽበት ካፒቴኑ አውራ ጣቱን አነሳ።

ጥድፊያ ማይክሮፎኑን ከጋሽ ዝም እጅ ላፍ አደረገችው። «ቀዮ፣ እንዳለህ ውጣ፣ ወደ ቀኝ ዙር። ጎበዝ! ዶክተር፣ ማረፍ ይችላሉ። ካፒቴን፣ መኪናው እየመጣልዎት ነው፣ እባክዎ ከዚህ በኋላ አጠር ያድርጉልኝ።»

ሐኪሙ አርፎ ከማኮብኮቢያው ሲወጣ «ምን የመሰለ ጸጥ ያለ ጠዋት ነው» አለ። እቴቴ ሳቃቸው አመለጣቸው፤ ሲስቁ እንባቸውም አብሮ መጣ። ቀዮ አንድ ዙር ዞራ ብቻዋን አረፈች።

ጋሽ ዝም አፉን የከፈተው ያኔ ነው።

«ማነው ያጠፋው?»

እቴቴ ከጠረጴዛው ማዶ ከንፈራቸውን እያንቀሳቀሱ ነገሯት፤ «ልጁ ነው በይ! ታየችኝ ብሏል!» እውነት ነው፣ ድምፁ ተቀድቷል፣ ደንቡም ከእሷ ጋር ነው። ምድር ቤቱ ታያት፣ የቅጹ ክምር ታያት፣ እናቷም ታየቻት። ልትዋሽ ፈልጋ ነበር፣ አልደብቅላትም።

«እኔ ነኝ ጋሼ» አለች። «ሁለት ነጭ እያሉ ነጯን አልኩት። ሩቅ ያለችውን፣ ገና እየመጣች ያለችውን ልለው ይገባ ነበር። ታየችኝ ሲለኝም የቷ ብዬ አልጠየቅኩትም።»

ጋሽ ዝም ጻፈ። ብዙ ጻፈ። ብዕሩን ክዳን ገጠመለት፣ ኮቱን ከመንጠቆው አወረደና ወደ በሩ ሄደ። አለቀልኝ አለች በልቧ። ግን አሁን ማን ይቀመጥ? ሰማዩ ላይ አራት አውሮፕላን አለ።

«ጋሼ፣ የሚተካኝ ሰው እስኪመጣ ይጠብቁ እንጂ!»

ደረጃው ጫፍ ላይ ቆም አለ።

«ፈቃድ የሌለው ሰው ማይክሮፎን ላይ ብቻውን ጥዬ ብወርድ ነገ እኔን ነው የሚያባርሩኝ» አላት። ደረጃውን መውረድ ጀመረ።

እቴቴ እልል ሊሉ አፋቸውን ሲከፍቱ ሬዲዮው ቀደማቸው።

«ታወር፣ ቀዮ ነኝ» አለ የተማሪው ድምፅ፣ ገና እየተንቀጠቀጠ። «ከተፈቀደልኝ… እንደገና መነሳት እፈልጋለሁ።»

ጥድፊያ በሰባት ወር ሥልጠና እንደለመደችው «ይሁን ወይ?» ልትል ወደ ኋላ ዞረች። ወንበሩ ባዶ ነው። ከዚያ ወደ መስታወቱ ተመለሰች።

«ቀዮ፣ መነሳት ትችላለህ» አለችና፣ ማንንም ሳታስፈቅድ ወረቀቱን ወደፊት ገፋችው።